ድኩላውና ሁለቱ ጢንዚዛዎች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የጀመርኩት በጩኸት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተመድቤ፣ የምደባ ደብዳቤዬን በእጄ እንደያዝኩ የባዮሎጂ ላቦራቶሪውን በር ስገፋው፣ ቀንዳም አውሬ ፊት ለፊቴ ቆሞ አፈጠጠብኝ። በስመ አብ! ደብዳቤውን ጥዬ ወደ ኋላ ስፈተለክ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጋር ተላተምኩ።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«አውሬ!»

«አውሬስ አውሬ ነው፤ ድኩላ። ግን ከሞተ ቆይቷል። ግቢ።»

ሰውየው መምህር ቢያድግልኝ ነበሩ፤ የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ፣ የእኔ አለቃ። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ቁጡ ናቸው፣ ንግግራቸው አጭር ነው፣ ነጭ ጋዋናቸው አንድ ቀን እንኳ ተጨማዶ አይቼው አላውቅም።

ድኩላውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት የሞተ ወንድ ድኩላ ነው። ቆዳውን ገፈው፣ የራስ ቅሉንና የእግሮቹን አጥንት አስቀርተው፣ ውስጡን በሽቦና በጭድ ሞልተው፣ ሆዱን በሲባጎ ሰፍተው አቆሙት። ዓይኖቹ ልጆች የሚጫወቱባቸው ብዮች ነበሩ። አዲስ የገባ ተማሪ ሁሉ «ቲቸር፣ ሥጋውን በላችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። «ሳይታረድ የሞተ ይበላል እንዴ፣ አንተ!» ብለው ይጮኹበታል።

የዚያን ቀን ሥራዬን አሳዩኝ። ማይክሮስኮፕ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ አንዱ እጅ ክንዱን፣ አንዱ ከሥሩ። ስላይድ በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይነካም። ፎርማሊን ሲከፈት መስኮት ይከፈታል። በመጨረሻ ድኩላው ጋ ደረስን።

«እሱን አቧራውን በላባ ታራግፊለታለሽ። እጅሽን ግን እንዳታሳርፊበት። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

የእኛን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። መምህሩ ያስተምራል፤ ትሪውን የሚያዘጋጅ ቴክኒሺያኑ ነው። መቀሱ፣ ወረንጦው፣ ማጉያ መነጽሩ፣ ስያሜ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም ደወል ሳይደወል ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። ቧንቧው ውሃ ስለማይሰጥ በጀሪካን አስቀድቼ የሙከራ ቱቦዎቹን በብሩሽ አጥብ ነበር። አንድ ነገር ከጎደለ የሚሰደበው መምህሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ካማረ ግን የሚመሰገነው መምህሩ ነው።

በየዓመቱ የማይቀር አንድ የተግባር ትምህርት ነበር። መጽሐፉ አንድ የጢንዚዛ ዝርያና አንድ የአጋዘን ዝርያ አወዳድሩ ይላል። ሥዕሉ ላይ ያለው አጋዘን የሩቅ አገር ነው፤ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ፣ በየዓመቱ የሚረግፍ። ጋሼ «እዚህ አገር የሌለውን ምን አድርገው ያወዳድሩታል?» ብለው ሥዕሉን ይተዉና ድኩላውን ያቀርባሉ። ለጢንዚዛው ከከብት መዋያ እበት ሥር አንድ ሁለት አስለቅመው ያመጣሉ።

የተማሪዎቹን መልስ ሳስበው እስከ ዛሬ እስቃለሁ። ስለ አጽም፣ ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ እግር ብዛት ይጠየቃሉ፤ እነሱ ግን «ድኩላ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ስለዚህ መበላት ይችላል፤ ጢንዚዛ ግን ርኩስ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ወረቀቱን ያነሱና «እኔ የጠየቅኩት ባዮሎጂ ነው ወይስ የፋሲካ ገበያ?» ይላሉ።

አምስተኛ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ በጋው ጠንክሮ የድኩላው አንገት ተሰነጠቀ። ጋሼ ለስልጠና ወጣ ብለው ነበር፤ ሰኞ ይመለሳሉ። አለቀልኝ አልኩ። እጄን ሳላሳርፍበት «አሳርፈሽበት ነው» ሊሉኝ ነው።

አባቴ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ነበር። የቀንበሩ ጠፍር በበጋ ሲደርቅበት ቅቤ እየቀባ ያለሰልሰዋል። እኔ ስለ ቆዳ የማውቀው ይህንን ነው፤ ከደረቀ ቅቤ ይቀባል፣ አበቃ። ዓርብ ዕለት ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ በትንሽ ብልቃጥ ያመጣሁትን ቅቤ አንገቱን፣ ጆሮዎቹን፣ ሆዱንና ቀኝ ጎኑን አሸሁት። ግራ ጎኑ ግድግዳ ስለተጠጋ እጄ አልደረሰም። ቆዳው ቅቤውን ምጥጥ አደረገው። ስንጥቁም ገጠመ።

ሰኞ ጋሼ ገቡ። ድኩላውን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ስመኝ» አሉኝ። «ይሄ ድኩላ ወዘናው ተመለሰ እኮ! አየሩ ተስማማው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ጋሼ» አልኩ።

ከእሳቸው አፍ ምስጋና ሲወጣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለድኩላው ቢሆንም ለእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በጋ ሲገባ በምሳ ሰዓት ብልቃጤን ይዤ እገባለሁ። እሳቸው ደግሞ በየክረምቱ መግቢያ ነጫጭ የናፍታሊን ኳሶች እግሩ ሥር ያስቀምጣሉ። ኳሶቹ ለምን እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም። ለሽታ ነው ብዬ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ የንብረት መዝገቡን እያገላበጡ አንድ በአንድ አስረከቡኝ። ማይክሮስኮፕ፣ ሚዛን፣ የሰው አጽም። ድኩላው ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡና «አደራ» አሉኝ። ግማሽ ጣሳ ናፍታሊንም ትተውልኝ ሄዱ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ጣሳው ዓመታት ቆየልኝና አለቀ። የንብረት ክፍሉን ስጠይቅ «እሱ ነገር ገበያ ላይ ጠፍቷል» አለኝ። እኔም ምን አደረግኩ? አደራ ተብያለሁ እኮ! ቅቤውን እጥፍ አደረግኩት።

መምህር ሀብታሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሮብ ገበያ አካባቢ ልጅ፣ ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ፣ ታናሽ እህቱን ከእሱ ጋር አምጥቶ የሚያስተምር። ሲናገር እጁም እግሩም አብሮ ይናገራል። አንድ ቀን ካርቶን ታቅፎ ገባ።

«እትዬ ስመኝ፣ ይምጡ ይዩልኝ!»

ከፈተው። ስፖንጅ ላይ በመርፌ የተሰኩ ጥቋቁር ጢንዚዛዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የተገኘበት ቦታ በትንሽ ወረቀት ተጽፏል። ከብት በሚውልበት መስክ እበት ሥር እየፈለገ የሰበሰባቸው ናቸው። ወንዶቹ ግንባራቸው ላይ ቀንድ አላቸው!

«ኸረ ጉድ! ጢንዚዛ ቀንድ ያወጣል?»

«ያወጣል እንጂ! ወንዱ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ድኩላው። በሴት ይዋጉበታል፣ ይኸም ልክ እንደ ድኩላው። ግን የድኩላው ቀንድ ውስጡ አጥንት አለው፤ የዚህ ቅርፊቱ ራሱ ነው የቀነደው። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ቀንድን ከቀንድ ያወዳድራሉ።»

ስንት ዓመት ሙሉ ትሪ ሳዘጋጅ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ልጁን በዚያን ቀን ወደድኩት።

የተግባር ትምህርቱ ቀን ደረሰ። ትሪዎቹን ደረደርኩ፣ ማጉያ መነጽሮቹን ወለወልኩ። ተማሪዎቹ ድኩላውን ከበቡ። ሀብታሙ «ቀንዱን ዳብሱት፤ ይህ እንደ መጽሐፉ አጋዘን አይረግፍም» አላቸው። አንዲት ተማሪ ቀንዱን ዳበሰች፣ ከዚያ ጆሮውን ያዝ አደረገች። ጆሮው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሀብታሙ ድኩላው እንዳይወድቅ አንገቱን ሊደግፍ እጁን ሰደደ፤ እጁ ቆዳውን በስቶ እስከ አንጓው ጠለቀ። ወዲያው የሆዱ ስፌት ተተረተረና ጭዱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ጭዱ ይንቀሳቀሳል! ፀጉራም ቡናማ ትሎችና ጥቃቅን ጥቋቁር ጢንዚዛዎች እየተርመሰመሱ ወደ እግራችን መጡ። ተማሪው በር ላይ ተጨናንቆ ወጣ። አንደኛው ዓይን ወድቆ እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዬን ነካው።

ርዕሰ መምህሩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? እዚህ ክፍል ጢንዚዛ ማን አስገባ?»

ከበሩ አካባቢ አንዱ «መምህር ሀብታሙ በካርቶን አምጥቷል» አለ።

«የእኔዎቹ የሞቱ ናቸው!» አለ ሀብታሙ። «በመርፌ የተሰኩ ናቸው እኮ!»

«እንቁላል ጥለው ቢሆንስ? በምን አወቅህ?»

ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን ዓርብ ዕለት ኮሚቴ እንደሚያየው፣ ሀብታሙ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ በመሆኑም ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጥሩ እንደማይጸናለት ተናገሩ። ጋሼ ቢያድግልኝም የድኩላው ሠሪ ናቸውና ይጠሩ ተባለ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት እኔም የሀብታሙ ጢንዚዛ ይሆናል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ክፍሉን ላጸዳ ገባሁ። ልጥለው አልቻልኩም፤ ጋሼ መጥተው ማየት አለባቸው። ስለዚህ የወዳደቀውን ብቻ እጠርጋለሁ። እየጠረግሁ ሳለ ግራ ጎኑን አየሁት። ፀጉሩ እንዳለ ነው። አንድ ቀዳዳ የለበትም። ቀኝ ጎኑ ግን ወንፊት ሆኗል። አንገቱ የለም፣ ጆሮዎቹ የሉም፣ ሆዱ የለም። በቆዳው እጥፋት ውስጥ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። በጥፍሬ ጫር አድርጌ አሸተትኩት።

ክው አልኩ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ያ ሁሉ ተባይ የበላው እኔ የቀባሁትን እየተከተለ ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሥራዬን ሠራሁ። ከሀብታሙ ካርቶን አንድ፣ ከጭዱ ውስጥ አንድ አውጥቼ በሁለት ሰሃን አድርጌ በማጉያ መነጽር አየኋቸው። የሀብታሙ ጢንዚዛ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ የፊት እግሩ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ለመቆፈሪያ። ከድኩላው የወጣው የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው፤ ቀንድ የለውም፣ እግሩ ቀጫጭን ነው፣ ሆዱ ሥር ነጭ ፀጉር ነስንሶበታል። ቤታችን ብል ብለን ከቁርበት ላይ የምናራግፈው ነው። ዘመድ ናቸው ቢባል እንኳ እህልና ውሃቸው አይገናኝም፤ አንዱ እበት ይበላል፣ አንዱ ስብ የነካው ቆዳ።

በዚህ መሐል ሀብታሙ ገባ። ፊቱ ገርጥቷል። መጥረጊያውን ከወለሉ አንስቶ ያግዘኝ ጀመር።

«እትዬ ስመኝ፣ ምናልባት እውነታቸውን ነው» አለኝ። «አንዱ በሕይወት ኖሮ ቢሆንስ? የሰው የዕድሜ ልክ ሥራ አጠፋሁ። ለእህቴስ ምን ብዬ ነው ተመለሽ የምላት?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጡረታዬ ሊደርስ ወራት ቀርተውታል፣ ይህንንም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። ከሁሉ በላይ ግን የፈራሁት የጋሼን ፊት ነው። ልጁ እየጠረገልኝ፣ እኔ ሁለቱን ሰሃን በጋዋኔ ሸፍኜ ቆምኩ። በራሴ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም።

ዓርብ ደረሰ። ጋሼ ቢያድግልኝ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የድሮውን ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፤ ተተኩሷል። ኮሚቴው ወደ ተሰበሰበበት ላቦራቶሪ ወሰድናቸው። በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ወንበር ፈለጉ፤ ሀብታሙ አቀበላቸው።

ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን አስረዱ። ከዚያ «መምህር ሀብታሙ፣ የምትለው አለህ?» አሉት።

«ይቅርታ ከማለት በቀር…» ብሎ ጀመረ።

«ምን በወጣህ!» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሁለቱን ሰሃን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ጋሼ፣ እስቲ እነዚህን ይመልከቷቸው።»

ማጉያ መነጽሩን ተቀብለው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ መልሰው የመጀመሪያውን አዩ።

«ይሄ የእበት ጢንዚዛ ነው፤ ቆዳ አይነካም» አሉ። «ይሄኛው ነው የበላው። ግን በመርዝ አሽቼ ነው የሰፋሁት፤ ተባይ እንዳይቀርበው ናፍታሊንም ነበረው። እንዲህ የሚግበሰበስበት ምን አገኘ?»

«ቅቤ» አልኩ።

«ምን?»

«ቅቤ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የቀባሁት። ቆዳው ሲሰነጠቅ አባቴ ጠፍር እንደሚያለሰልስ አለሰለስኩት። ናፍታሊኑ ሲያልቅ ደግሞ ጨመርኩበት። ልጁ የለበትም።»

የጋሼ እጅ ከነማጉያ መነጽሩ አየር ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እርስዎ እያሉ ነው። ከስልጠና የተመለሱ ጊዜ፣ ወዘናው ተመለሰ ያሉኝ…»

ይጮኹብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኹም። ስገልጥ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ድኩላውን ሳይሆን እኔን ያያሉ።

«ይሸተኝ ነበር» አሉ በቀስታ። «በየዓመቱ በጋ በገባ ቁጥር ይሄ ክፍል ቅቤ ቅቤ ይሸተኛል። የፀጉርሽ መሰለኝ እኮ! የሰውን ሴት ፀጉርሽ ሸተተኝ ይባላል? ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት! ሊቅ ነኝ ባዩ እኔ፣ ድኩላዬ ዓይኔ እያየ ሲቀባ!»

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸው አምልጧቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሀብታሙ ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገብቶታል። እኔ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ።

የሀብታሙ ክስ በዚያው ተዘጋ። ቅጥሩም ጸናለት። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው፣ ፋይሌ ውስጥ አለ። ይገባኛል።

ከድኩላው ያስቀረነው የራስ ቅሉንና የእግሮቹን አጥንት ነው። ጢንዚዛዎቹ ጠርገው ስለበሉት ነጥቶ ወጣ። ጋሼና ሀብታሙ አብረው አጥበው ጣውላ ላይ ሰኩት። የቀንዱ ልባስ ወለቅ ሲል ከውስጥ ያለው አጥንት ይታያል፤ ሀብታሙ ከቀንዳሙ ጢንዚዛ ጎን አስቀምጦ ያስተምርበታል። አምና ጡረታ ስወጣ የመጨረሻ ያዘጋጀሁት ትሪ እሱ ነበር።

ለወጣት ቴክኒሺያኖች የምለው ይህ ነው። የተረከባችሁት ዕቃ ላይ ምንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት የሠራውን ሰው ጠይቁ፤ ቁጡ ቢሆንም ጠይቁ። አለቆችም ክፍላችሁ ውስጥ የማታውቁት ሽታ ከሸተታችሁ ከምን እንደመጣ ጠይቁ።

ለነገሩ እኔ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ሥራ ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህንኑ እነግራቸው ነበር።